ኤንትሬን ማን አቆየው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ ቀን ጊዜ ካገኛችሁ የከባድ መኪና ጋራዥ ገብታችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ምንም አትጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ አድምጡ። «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።» «ካምቢዮው ይጮኻል።» «ቴስታታው ይፈታ።» «ካቻቢቴውን አቀብለኝ።» «ጓርኒሲዮኑን ቀይረው።» «ክሪኩን ማን ወሰደው?» ስሞቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የጣሊያን ናቸው። ግሶቹ ግን የእኛ ናቸው፤ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ይፈታ፣ አቀብለኝ።

እኔ ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ቤት ስላደግሁ ካምቢዮ ድሮም አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚያ ቋንቋ ይነጋገሩ ስለነበሩ ሰዎች ነው፤ አሮጌ ከባድ መኪኖችን፣ በተለይ ኤንትሬን፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ስላቆዩ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና መካኒኮች። ስለነሱ ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። በረሃ መሀል መኪና ይበላሻል፤ አንድ ጀግና በሽቦና በቀበቶ አስሮ፣ አስነሥቶ ይገባል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። መኪኖቹን ያቆያቸው ግን ይህ ጀግና አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልጀምር።

◾ ጠላት ያመጣው መኪና

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወርር ጓዙን የተሸከመው በቅሎና ግመል ብቻ አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ ከባድ መኪኖችም አብረው መጥተዋል። ከነሱ መካከል ስሙ ረጅም ዕድሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራው ፊያት 634 ነው። ጣሊያኖቹ የቁጥሩን መጨረሻ ይዘው «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ማለትም ሠላሳ አራት ይሉታል። ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ8 ሊትር በላይ የሚይዝ ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱ ግን ወደ 80 ፈረስ ብቻ ነው። ዛሬ በየሰፈሩ የምናያት ትንሿ የቤት መኪና ከዚያ የማይተናነስ ጉልበት አላት። ያ ግዙፍ ብረት በዚያች ጉልበት ጭነት ይዞ ተራራ ይወጣ ነበር። እንዴት ቢባል፣ በጣም በዝግታና በትንሹ ማርሽ።

የመኪናው ሙሉ ስም «634 ኤን» ነው። «ኤን» የምትለዋ ፊደል «ናፍታ» ለሚለው ቃል የቆመች ናት። እኛም ቃሉን ወስደን ናፍጣ አልነው። ናፍጣ በተቀዳ ቁጥር ሳናውቀው የዚያን ዘመን ጣሊያንኛ እየተናገርን ነው።

ከመኪናው ጋር መንገዱ መጣ። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ፣ ከደሴና ኮምቦልቻ በአፋር በረሃ ወደ አሰብ፣ ወደ ጅማ የተዘረጉት መንገዶች ዋና ዓላማቸው አገሩን መያዝ ነበር። አርበኞችም ይህን ስለሚያውቁ የመኪና አጀብ እየጠበቁ ይመቱ ነበር። ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ የተፈለፈለው ዋሻም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ከተረፈው ማሽንና መኪና ብዙውን እንግሊዞች የጦር ምርኮ ነው ብለው ወሰዱት። የቀረው ቀረ፤ ከሱም ጋር ንጉሠ ነገሥቱ በምሕረት እንዲቆዩ የፈቀዱላቸው ጣሊያኖች ቀሩ። ከነሱ ውስጥ ጋራዥ የከፈቱ፣ ብረት የሚቀጥሉ፣ ሞተር የሚያወርዱ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ መካኒኮቻችን ሙያውን የተማሩት በእነዚህ ሰዎች እጅ ሥር፣ መፍቻ እያቀበሉ ነው። ለዚህ ነው ስሞቹ የጣሊያን ሆነው የቀሩት። አቀብል የተባለው ልጅ የሚያቀብለውን ዕቃ ስም ማወቅ ነበረበት።

ከዚያ ደግሞ ዋናው ሰውዬ መጣ። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 682 የተባለውን ከባድ መኪና አወጣ። ሦስተኛው ትውልዱ 682 ኤን 3 ነው፤ በጣሊያንኛ «ኤኔ ትሬ»፣ በእኛ አፍ ኤንትሬ። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ ሞተር፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ መሪው በቀኝ። መሪው በቀኝ የሆነው በስህተት አይደለም። የዘመኑ የጣሊያን ከባድ መኪኖች ልማድ ነው፤ ሹፌሩ በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ወደ ገደል ያለውን ጎማ አንገቱን አውጥቶ እንዲያይ ነው። የጣርማ በርንና የዓባይ በረሃን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

◾ የማርሽ ሂሳብ

አሁን ጋቢና ውስጥ እንግባ። የዛሬ መኪና ማርሽ ስትለውጡ ካምቢዮው ውስጥ ያለ የነሐስ ቀለበት ይረዳችኋል። የሚጋጠሙት ሁለት ጥርሶች ከመጋጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን ያመሳስላል። በዚያ ዘመን ከባድ መኪና ይህ ረዳት የለም። ማመሳሰል የሹፌሩ ሥራ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከፍ ወዳለ ማርሽ ለመሄድ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ማርሹን ታወጣለህ፣ ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ትጠብቃለህ፣ ደግመህ ትረግጣለህ፣ ታስገባለህ። ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለመውረድ ደግሞ መሀል ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ነዳጅ ትሰጣለህ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ልክ በሚፈለገው ድምፅ ላይ ስትደርስ ትረግጥና ታስገባለህ። ልክ የሆነውን ድምፅ የሚነግርህ መለኪያ የለም፤ ጆሮህ ነው። ከጨነቀህና ከገፋኸው ካምቢዮው ይጮኻል። ያ ጩኸት የጥርሶቹ ጫፍ እየተላጨ መሆኑን የሚነግርህ ነው። የተላጨው ብረት ዱቄት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ ደግሞ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይወስደዋል። አንድ ግዴለሽ ሹፌር በአንድ ወር የሚያጠፋውን ካምቢዮ አንድ ጥንቁቅ ሹፌር ዓመታት ይነዳዋል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የከባድ መኪና ፍሬን ሸራውን ከበሮው ላይ እያሸ ነው የሚይዘው። ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግላል፤ ከጋለ አይዝም። ስለዚህ ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት የሚወርደው በሞተሩ ነው፤ በትንሽ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየጎተተ። የድሮዎቹ ሕግ አጭር ናት፦ የወጣህበት ማርሽ የምትወርድበት ነው። ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መሀል ላይ ልለውጥ ያለና ማርሹን አውጥቶ ማስገባት ያቃተው ሹፌር በአንድ ጊዜ ሞተሩንም ፍሬኑንም አጣ ማለት ነው። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ባለው ቁልቁለት ገደል የገቡት መኪኖች ሁሉ ፍሬን በጥሰው አይደለም። ማርሽ አጥተው የገቡም አሉ።

◾ አየር፣ ውሃና ጭስ

የአሰብ መንገድ ለሞተር ልዩ ፈተና ነበር። መኪናው ከባሕር ወለል፣ ከሚያቃጥለው የአፋር ሙቀት ይነሣና ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ወደ 30 በመቶ ያንሳል። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፤ ናፍጣውን እንደ ድሮው ይልካል። አየር ሲያንስ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይግላል። በዚያ ላይ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አሰብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ጣርማ በር ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ይበልጥ በሚደክምበት ቦታ የሚያቀዘቅዘው ውሃ አቅሙ ይቀንሳል ማለት ነው።

የድሮ ሹፌር ጭስ ያነብብ ነበር። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል፤ የአየር ማጣሪያውን እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻዎቹ አልቀዋል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥር። ድምፅም ያነብቡ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ማዳመጥ የየጋራዡ ዘዴ ነው። ብረቱ ድምፁን ከነቦታው ያመጣዋል። የላላ ባልቮላ ቀጭን ኳ ኳ ይላል፤ ያለቀ ብሮንዚን ደግሞ ከታች፣ ደረት ውስጥ እንደሚሰማ ከባድ ድቅታ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ይሰጣል። ሁለተኛው አይሰጥም፤ ዛሬውኑ ቁም ይላል።

ይህን ሁሉ ማንም አልጻፈውም። ተግባረ እድን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ከነፃነት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተከፍተው ብዙ ባለሙያ አፍርተዋል፤ እውነት ነው። የመንገዱ ትምህርት ቤት ግን ረዳትነት ነበር። ረዳት ማለት ካሶኒ ላይ የሚተኛ፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ኋላ የሚሮጥ፣ ስድብ የሚጠጣ ልጅ ነው። ደመወዙ ምግቡ ነበር ማለት ይቻላል። ከዓመታት በኋላ መሪ ይሰጠዋል። ካልታደለ ረዳት ሆኖ ያረጃል። ይህን ስጽፍ ናፍቆት አለኝ ብላችሁ አትጠርጥሩኝ። ያ ትምህርት ቤት ጨካኝ ነበር፤ ተማሪዎቹን ገደል ውስጥ ያስቀረም ነው።

◾ የእጥረት ዘመን

ከአብዮቱ በኋላ የውጭ ምንዛሪ አነሰ፤ መለዋወጫ ጠፋ። ዚልና ኡራል ገቡ፣ ኋላም ካማዝ መጣ፤ የግሉ ጭነት ግን አሁንም በአሮጌው ኤንትሬ ትከሻ ላይ ነበር። የፈጠራው ታሪክ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ አልቆ ከሆነ ከሌላ አሮጌ ዲስክ ላይ ሸራ ተነቅሎ እንደገና በምስማር ይመታል። የዘይት ቋት ጓርኒሲዮን ከካርቶን ይቆረጣል። ያለቀ ብሮንዚን ከኋላው ስስ ቆርቆሮ ይደረግበታል። ሱማሌ ተራ ውስጥ ከሞተ መኪና የወጣ የካምቢዮ ጥርስ እንደ ወርቅ ይመዘናል። እጀ ብልሆች ነበሩ፤ ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ።

ግን ሁለት ነገሮች አብረው ይነገሩ። አንደኛ፣ ብልሃቱ ሰው ይገድል ነበር። የአንድ እግር ፍሬን ሲያፈስ መስመሩን ዘግቶ በቀሩት እግሮች መንዳት የተለመደ ነበር። «ደርሼ አሠራዋለሁ» ይባላል፤ ተደርሶም አይሠራም፤ መኪናው በቀሩት እግሮቹ ወር ይሠራል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ሂሳቡ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የቆመ መኪና ዋጋው ምን እንደሆነ በ77ቱ ድርቅ አይተናል። የእርዳታ እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ መኪና ይጠብቅ ነበር። ሰው ወሎ ላይ እየሞተ ነው፤ እህሉ ደግሞ ወደቡ ላይ ነው። ችግሩ ብዙ ነበር፤ ጦርነትም ፖለቲካም ነበረበት። ግን መሀል ላይ የነበረው አንዱ ጥያቄ ተራ ነው፦ የሚሄድ መኪና ስንት አለን? በዚያን ጊዜ ሞተሩ የሚነሣ አንድ ኤንትሬ ስንት ሰው ማለት እንደሆነ አስሉት።

◾ የጠዋቱ ሥራ

አባቴ የአሰብን መንገድ ለዓመታት ነድቷል። በኋላ ያጠራቀመውን ይዞ፣ ተበድሮም፣ የራሱን አሮጌ ኤንትሬ ገዛ። ስለሱ የምነግራችሁ የጀግንነት ታሪክ የለኝም። በረሃ ላይ በቀበቶ ሞተር አስሮ አልገባም። ይህ ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር። የሌሎቹ ሹፌሮች ልጆች የሚያወሩት ነበራቸው፤ የእኔ አባት መኪና አይበላሽም።

የሚያደርገው ይህን ነበር። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ሌሊት ምን ጠብታ ወደቀ? ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፣ ወፍራምና ሽታው የሚከረፋ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የዲፍሬንሻል፣ ጠርቶ የሚደርቅ ከሆነ ውሃ። ከዚያ የዘይቱን ልክ በብረቱ ያያል፤ ማየት ብቻ አይደለም፣ በሁለት ጣቱ ያሸዋል፣ አሸዋነት እንዳለው። ከናፍጣው ማጣሪያ ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ ሌሊት የረጋውን ውሃ ያወጣል። ከፍሬኑ የአየር ጋን ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ያስተነፍሳል። ጎማዎቹን በብረት እየመታ ያዳምጣል፤ የውስጠኛው ጎማ ከተነፈሰ ድምፁ ይደነቁራል። የባሌስትራዎቹን ማሰሪያ ብሎኖች በመፍቻ ይነካል። መጨረሻ ላይ እጁን ከራዲያተሩ ሥር ሰድዶ የታችኛውን የጎማ ቱቦ ከነማሰሪያው ዙሪያውን ይዳስሳል። ሃያ ደቂቃ ነው። ዝናብም ይሁን ሙቀት፣ ነጋዴው ቆሞ ቢጮኽበትም ሃያ ደቂቃ።

አንድ ደብተርም ነበረችው፤ ባለ መስመር የትምህርት ቤት ደብተር። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ ግሪስ የተወጋበት፣ የባልቮላ ክፍተት የተለካበት፣ ማጣሪያ የተቀየረበት፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፎባታል። አራተኛ ክፍል ነበር ያቆመው።

በ1988 ዓ.ም. ወገቡን አሞት ተኛ። እኔ ለአራት ዓመት ረዳቱ ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ግን ዓመት አልሞላኝም። መኪናው ቆሞ ቤቱ ሊበላ ስለማይችል እኔ ያዝኩት። ከጎጃም ጤፍ ጫንኩ። ደጀን አድሬ ሌሊት ተነሣሁ። ሐሳቤ አንድ ነው፤ ሌሎቹን ቀድሜ እህል በረንዳ መድረስ። ባትሪዬን ከመኪናው ሥር አብርቼ ነበር። የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታህል እርጥበት አየሁ። ጤዛ ነው አልኩ። እጄን ሰድጄ ቱቦውን ብዳስስ አንድ ደቂቃ ነው፤ ግን ሌሊት ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ቸኩያለሁ።

ዓባይ በረሃን ወርጄ ድልድዩን ተሻገርኩ። ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ጀመርኩ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከሞተ ቆይቷል፤ አባቴ በአፍንጫውና በድምፁ ነበር የሚያውቀው። እኔ የማውቀው እንፋሎቱ ጋቢናውን ሲሞላው ነው። ቆምኩ። ረዳቴ ጀሪካን ይዞ ሮጠ። «ቆይ» ማለት ነበረብኝ፤ አውቀው ነበር፣ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ብረቱ እኩል አይሰበሰብም፣ ይሰነጠቃል። ጨመርነው። የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የምታህል። ቴስታታው ነበር።

መኪናው ተጎትቶ ገባ። ሞተሩ ሲፈታ ጉዳቱ ከቴስታታው አልፎ ነበር፤ ፒስተኖቹ ግለው ሲሊንደሩን ይዘውት ነበር። ማሠሪያ ገንዘብ አልነበረንም። ቆመ፤ ጎማው ተሸጠ፣ ካምቢዮው ተሸጠ፣ የቀረው በኪሎ ሄደ።

ቤት ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭነቱ ክብደት፣ ስለ አሮጌነቱ ማስረዳት ጀመርኩ። አስጨረሰኝ። ከዚያ፣

«ጠዋት ቱቦውን ዳሰስከው?» አለኝ።

«አልዳሰስኩትም፣ አባዬ።»

ሌላ ምንም አልተናገረም። የተፈታችው ማሰሪያ በካቻቢቴ ሁለት ዙር የምትጠብቅ ነበረች። ወገቡ ሲሻለው የአንድ መኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያም ጠዋት ጠዋት በሰው መኪኖች ሥር ጎንበስ እያለ መሬቱን ያይ ነበር ይሉኛል።

◾ የማይታየው ሥራ

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ይህንን ነው። ያን ዕለት ጎሃ ጽዮን ዳገት ላይ ቱቦውን በሽቦና በጨርቅ አስሬ መኪናውን አዳነው ብሆን ኖሮ፣ ታሪኩ እስከ ዛሬ ይነገርልኝ ነበር። ጠዋት ደጀን ላይ ማሰሪያዋን ሁለት ዙር አጥብቄያት ቢሆን ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔ ራሴም አላውቅም ነበር። ምን እንዳዳንኩ ሳላውቅ አዲስ አበባ ገብቼ ጤፌን አራግፌ ምሳዬን እበላ ነበር። ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው። ኤንትሬን ሠላሳ ዓመት ያቆየው የሃያ ደቂቃው ልማድ ነው። የቀበቶው ጀግና ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ያ ልማድ ሲጓደል ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ልማድ የማናከብርበት የቆየ ምክንያት አለን። ብረት የሚነካ እጅ በዚህ አገር ረጅም ዘመን ተንቋል። ቀጥቃጩን ቡዳ ብለናል፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ቀነሰው እንጂ ሐሳቡን አልነቀለውም። ዘይት የነካው እጅ ጨረታ አይፈርምም፣ በጀት አይይዝም። ባለ ንጹሕ እጁ አዲስ መኪና ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል። ማጣሪያ በወቅቱ ሲቀየር ግን ሪባን የለም። ስለዚህ ማጣሪያው አይቀየርም። የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ግቢ ኋላ ዞራችሁ እዩ፤ ሳር የበቀለባቸው መኪኖች፣ ግሬደሮች፣ ትራክተሮች ቆመዋል። ብዙዎቹ ሲጀመር የጎደላቸው ትንሽ ነገር ነው። ትንሹ ቆይቶ ትልቅ ሆነ፤ ትልቁ ደግሞ ከሌላው ላይ ዕቃ እየተፈታ ሁለት መኪና ገደለ።

«ያ ዘመን አልፏል፤ አሁን መኪናው ኮምፒውተር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። አዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣውን የሚልኩት በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ካምቢዮአቸው ራሱ ያመሳስላል፤ ሲያማቸውም መብራት ያበራሉ። በካቻቢቴ ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ወጣቱ መካኒክ ኮምፒውተር መያዙ ትክክል ነው። ግን አዲሱ ሞተርም በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ውሃውም በጎማ ቱቦ ነው የሚሄደው፤ ቱቦውም ማሰሪያ አለው። እንዲያውም አዲሱ ሞተር ቆሻሻ ናፍጣን ከኤንትሬ እጅግ ያነሰ ይታገሣል። ኤንትሬ ውሃ የገባበት ናፍጣ ቢሰጡት ያስለዋል፤ አዲሱ ኢንጄክተሩ ይቃጠልና ዋጋው ያስለቅሳል። መብራቱ ደግሞ የሚበራው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አባቴ መሬቱን የሚያየው ከመበላሸቱ በፊት ነበር።

ሌላም የሚሉኝ አለ፤ «አባትህ እንዲያ የተጠነቀቀው ደሃ ስለነበር ነው፤ ሌላ መግዣ ቢኖረው አይጨነቅም ነበር።» ሊሆን ይችላል። ታዲያ እኛ መቼ ሀብታም ሆንን? መኪናውንም መለዋወጫውንም ዛሬም የምንገዛው በዶላር ነው። ከ1962 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጣሊያንን ከባድ መኪኖች እዚሁ አዲስ አበባ የሚገጣጥም ፋብሪካ፣ አምቼ፣ ነበረን። ከዚያ ወዲህም መገጣጠም ለምደናል። ከገጠምን በኋላ ያለው ሃያና ሠላሳ ዓመት ግን አሁንም የማንም ሥራ አይመስልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። በየቤታችሁ የድሮ ሹፌር፣ የድሮ ረዳት፣ የድሮ መካኒክ የሆነ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ካለ፣ በሚቀጥለው እሑድ አጠገቡ ተቀመጡ። ስልካችሁን ድምፅ እንዲቀርጽ አድርጋችሁ ጠይቁት። የበረሃውን ጀብዱ አትጠይቁት፤ እሱን ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። «ጋሼ፣ ጠዋት ሞተር ሳታስነሡ በፊት ምን ምን ታደርጉ ነበር?» በሉት። መጀመሪያ «ምንም» ይላል፤ ሥራ አድርጎ ስለማይቆጥረው ነው። ትንሽ ጠብቁት። እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ በአየር ላይ ብሎን ያጠብቃል፣ ዘይት በጣቱ ያሻል። ያኔ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ከነአጠራሩ፣ በእጁ የሚያደርገውንም ከነግሱ ጻፉት።

የአባቴ ደብተር አሁን እኔ ጋ ናት። የመጨረሻው መስመር የእሱ ጽሑፍ ነው፤ ግሪስ የተወጋበት ቀን። ከሱ በታች ያለው ባዶ ነው፤ እኔ ምንም አልጻፍኩባትም።

የሰማችሁትን ላኩልኝ፤ ሰብስቤ እዚሁ አወጣዋለሁ። መልካም ሰንበት።